ያልተሳለምኩትን መስቀል ተሸክሜ

የ2017 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማትን ያሳለፍኩት በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው። ከሆሳዕና እሑድ ሚያዝያ 5 እስከ ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 10 ድረስ፣ በደቡብ ስኮትላንድ ሜልሮዝ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ተነሥተን በእንግሊዝ ሰሜናዊ ምሥራቅ ጠረፍ ወደምትገኘው ሊንዲስፋርን ደሴት 100 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራችን ተጓዝን። 14 ነበርን። የሚበዙት አንግሊካኖችና ካቶሊኮች ሲሆኑ ጥቂት ሜቶዲስቶችም ነበሩበት፤ ኦርቶዶክሳዊት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእንጨት መስቀል በየተራ እየተሸከምን ሄድን፤ ቀዳም ስዑርንና ፋሲካን ደግሞ በደሴቲቱ ላይ ዋልን።

ከተመለስኩ ወዲህ ብዙ ወዳጆቼ ስለ መንገዱ ጠይቀውኛል። አብዛኞቹ የሚያነሡት ጥያቄ ግን ስለ ርቀቱም ሆነ ስለ ድካሙ አይደለም፤ «በሕማማት መስቀል አይሳለሙም፤ አንቺ እንዴት ተሸከምሽ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከእነርሱ በፊት የእኔ ነበረ፤ ስለዚህ መልሱን ያገኘሁበትን መንገድ ከመነሻው እጽፋለሁ።

በምኖርባት የእንግሊዝ ከተማ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። በአቅራቢያው ወዳለው ለመድረስ ሁለት ሰዓት በባቡር መሄድ ያስፈልጋል፤ የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በፈረቃ ስለሆነ ደግሞ የሰሙነ ሕማማትን ጸሎት ሙሉ ሳምንት ተከታትዬ አላውቅም። ለስምንት ዓመታት ያህል ግብረ ሕማማት ሲነበብ የሰማሁት በስልክ፣ የሰገድኩትም በመኝታ ቤቴ ምንጣፍ ላይ ነው። ሰው አጠገቡ የሚሰግድ ሳይኖር ብቻውን ሲሰግድ ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ ጉልበቱም ቶሎ ይዝላል። በቤተ ክርስቲያን ከፊትና ከኋላ ያለው ሕዝብ እንደ ማዕበል ሲወድቅና ሲነሣ የአንዱ ድካም በሌላው ይሸፈናል። እኔ የናፈቅኩት ይህንን ነበር።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ዕድሜዋ ስድሳን ያለፈ ሴት፣ ይህንን ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ እርሷ በየዓመቱ በዚያ ሳምንት የት እንደምትሄድ አጫወተችኝ። በእነርሱ ዘንድ መስቀል ተሸክሞ ወደ ሊንዲስፋርን በእግር መሄድ የቆየ ልማድ ነው። «ኖርዘርን ክሮስ» በሚባለው ጉዞ ልዩ ልዩ ቡድኖች ከተለያየ አቅጣጫ ተነሥተው ስቅለት ዓርብ በደሴቲቱ ላይ ይገናኛሉ፤ የእርሷን ቡድን የመሰሉ ትናንሽ ማኅበሮችም በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ደግሞም በ2017 ዓ.ም. የእነርሱም የእኛም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ገጠመ። በሌላው ጊዜ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ሳምንት ስለሚለያይ እነርሱ ትንሣኤን ሲያከብሩ እኔ በጾም እኩሌታ ላይ እገኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሕማማታችን አንድ ነበር።

ስትነግረኝ ያሰብኩት አያቴን ነው። አያቴ ከወረኢሉ ገጠር ተነሥታ ግሸን ማርያምን ለመሳለም በእግሯ ትሄድ ነበር። በሶና ቆሎ ቋጥራ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀጣጥራ፣ ለመስከረም 21 ለመድረስ ከመስቀል በፊት ትወጣለች። እናቴ እንደምትነግረኝ ስትመለስ እምነትና ጸበል ይዛ ትመጣለች፤ ልጆቹም ሮጠው አቧራ የጠጣ እግሯን ይስማሉ። ግሸን ተራራው ራሱ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም «መስቀሌን በመስቀለኛ ስፍራ አስቀምጥ» የሚለውን ቃል ሰምተው ግማደ መስቀሉን በዚያ እንዳኖሩት አባቶች ይተርካሉ። አያቴ ስለዚህ ታሪክ ብዙ አትናገርም ነበር አሉ፤ የምትናገረው ስለ አቀበቱ፣ ስለ ውኃ ጥሙና በመንገድ ላይ ስላስጠጓት ሰዎች ነበር። በቋንቋችን እንዲህ የሚሄደውን ሰው «ተሳላሚ» ብለን እንጠራዋለን። ስሙን ያገኘው ከመንገዱ ሳይሆን በመንገዱ መጨረሻ ከሚያደርገው ነገር ነው፤ ደርሶ ስለሚሳለም ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። በሰሙነ ሕማማት ካህኑ መስቀል አያሳልምም፤ ኑዛዜ ተቀብሎ አይፈታም፤ ለሙታን የሚደረገው ፍትሐት እንኳ በሆሳዕና ዕለት ለሳምንቱ ሁሉ አስቀድሞ ይደረጋል። አባቶች እንደሚያስተምሩት ሳምንቱ አዳምና ልጆቹ ከገነት ወጥተው በጨለማ የኖሩበት የ5500 ዘመን ምሳሌ ነው፤ መስቀሉ ገና አልተተከለም፤ ሰላምም ገና አልታወጀም። እርስ በርሳችንም ተቃቅፈን ሰላምታ አንለዋወጥም፤ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና። ታዲያ ካህኑ እንኳ የማያሳልመኝን መስቀል በዚሁ ሳምንት በትከሻዬ ላይ ላኑር?

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ጉዳዩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ሂጂ ልጄ። ጾምሽን ጠብቂ፤ ስግደትሽን አታስታጉዪ፤ ከቁርባናቸው አትቀበዪ፤ ሲጸልዩ ግን በአክብሮት ቁሚ። መሳለም ሌላ ነው፤ መሸከም ሌላ ነው። ጌታ ሊከተለኝ የሚወድ መስቀሉን ይሸከም ሲል ቀን አልወሰነበትም» አሉኝ። ከዚህ በላይ አላብራሩልኝም። እኔም በዚያን ጊዜ የገባኝ ፈቃዳቸው እንጂ ቃላቸው አልነበረም።

መስቀሉ የጥድ እንጨት ነው። ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሦስት ሰዎች ይሸከሙታል፤ አንዱ ከፊት ሆኖ የመስቀሉን አግድም እንጨት በትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ሁለቱ ከኋላ ረጅሙን ግንድ በግራና በቀኝ ይይዛሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መሪው በእጁ ምልክት ሲሰጥ ሦስቱ ይቆማሉ፤ ተረኞቹ ከሥር ይገባሉ፤ መስቀሉ መሬት ሳይነካ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፋል። በመጀመሪያው ቀን ከሜልሮዝ ወጥተን የአይልዶን ኮረብታዎችን ስንሻገር የፊቱን ቦታ ያዝኩ። ክብደቱ እንዳሰብኩት አልነበረም። የሚከብደው ሽቅብ ሲወጡ ሳይሆን ቁልቁል ሲወርዱ ነው፤ መስቀሉ ወደፊት ይገፋል፤ ከኋላ ያሉት ሰዎች ካልያዙት የተሸካሚውን እግር ያስታል። ስለዚህ ከፊት ያለው ሰው የማያያቸውን ሁለት ሰዎች ማመን አለበት። የጌታን መስቀል እንዲሸከም የተገደደውን ስምዖን ቀሬናዊን ያሰብኩት በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። እርሱም የአፍሪካ ሰው ነበር፤ ከገጠር ሲመጣ፣ ሳያስበው፣ ገና ከመንገድ ሳያርፍ ነበር የያዙት። ወንጌላዊው ማርቆስ የልጆቹን ስም ጭምር ጽፎልናል። ስምዖን ተሸከመ እንጂ ተሳለመ የሚል ቃል በወንጌል ውስጥ የለም።

የሄድንበት መንገድ በቅዱስ ከትበርት ስም ይጠራል። ከትበርት እ.ኤ.አ. በ651 በሜልሮዝ የመነኮሰ፣ በኋላም ወደ ሊንዲስፋርን ተዛውሮ የገዳሙ መጋቢ፣ ቀጥሎም ብሕትውናን መርጦ ፋርን በምትባል ባዶ ደሴት ላይ ብቻውን የኖረ አባት ነው። ጳጳስ አድርገው ከበዓቱ ቢያወጡትም ሊሞት ሲል ወደዚያችው ደሴት ተመልሶ በ687 ዐረፈ። ቤድ የተባለው መነኩሴ የጻፈለትን ገድል ማታ ማታ በየማረፊያችን ሲያነቡልን ለጆሮዬ እንግዳ አልሆነብኝም። ከትበርት ሌሊት ሌሊት ከባሕር ገብቶ እስከ አንገቱ ቆሞ ይጸልይ ነበር፤ ሲወጣም የውኃ አውሬዎች ቀርበው እግሩን በትንፋሻቸው ያሞቁለት ነበር ይላል። እኔ ያደግሁት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ባሕር ውስጥ መቶ ዓመት እንደጸለዩ፣ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች እንደተከተሏቸው እየሰማሁ ነው። የጻድቁን ታሪክ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ስነግራቸው ማንም አልሳቀም፤ አንዲት ሴት ስማቸውን በማስታወሻዋ ላይ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ።

ከከትበርት ይልቅ ልቤን የነካው ግን ከእርሱ በፊት የነበረው ቅዱስ ኤይደን ነው። ኤይደን በ635 ከአዮና ገዳም መጥቶ የሊንዲስፋርንን ገዳም የመሠረተ ሲሆን፣ በዚያ አገር ሁሉ ወንጌልን የሰበከው በእግሩ እየሄደ ነው። ንጉሡ ኦስዊን ወንዝ ለመሻገር እንዲረዳው ጥሩ ፈረስ ቢሸልመው፣ መንገድ ላይ ምጽዋት ለለመነው ድኻ ከነመሣሪያው ሰጠው። ንጉሡ ሲቆጣ ኤይደን የባዝራ ልጅ ከእግዚአብሔር ልጅ ይበልጥብሃልን ብሎ መለሰለት። በእግር የሚሄድ ሰው ከሚያገኘው ሰው ጋር ዐይን ለዐይን ይተያያል፤ በፈረስ ላይ ያለ ግን ወደ ታች ይመለከታል። ይህንን ያስተዋልኩት በመንገዱ ላይ በየመንደሩ በራቸው ላይ ቆመው የሚጠብቁን ሰዎች ስናገኝ ነው። መስቀሉን ሲያዩ ኮፍያቸውን የሚያወልቁ ሽማግሌዎች ነበሩ።

የጸሎቱን ሰዓት እንዴት እንደምጠብቅ ከመነሻው ተነጋግረን ነበር። በእኛ ሥርዓት በነግህ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ምንባቡ ይነበባል፤ ይሰገዳል። ጠዋትና ማታውን በማረፊያችን አደረስኩ፤ የቀረውን ግን በመንገድ ላይ ቡድኑ ለዕረፍት በሚቆምበት ጊዜ አደርግ ነበር። ጉዞው ማክሰኞ ቀን ዋይድኦፕን ከሚባለው ኮረብታ ላይ አደረሰን። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ 368 ሜትር። ለአገራችን ሰው ኮረብታ አይባልም፤ ነፋሱ ግን የጉና ተራራ ነፋስ ነው። ቀትር ሆነና ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ መልሼ፣ ኪርያላይሶን እያልኩ መስገድ ጀመርኩ። ሣሩ ርጥብ ነበር። በዙሪያዬ በጎች ነበሩ፤ ሚያዝያ የበጎች መውለጃ ስለሆነ የሁለትና የሦስት ቀን ግልገሎች እግራቸው እየተንቀጠቀጠ እናቶቻቸውን ይከተላሉ። በፊታቸው ግንባሬን ወደ መሬት ሳስነካ «እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ» የሚለው የኢሳይያስ ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ከፊቴ የቆመ መሰለኝ።

ሃያ ያህል ጊዜ ከሰገድኩ በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ቀና ስል በቡድናችን ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መስቀሉን አቁመው ይዘው ከጎኔ ቆመዋል። በሌላው እጃቸው ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩልኝ ነበር። ሃያ ሦስት ላይ እንደደረስኩ በዝግታ ነገሩኝ። አርባ አንድ መሆን እንዳለበት የነገርኳቸው በዋዜማው እራት ላይ ነው፤ አልረሱትም። በማግስቱ በ6 ሰዓት ሁለት ሴቶች ከእኔ ጋር ሰገዱ። ሐሙስ ዕለት ሰባት ሆንን። ኪርያላይሶን ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀውኝ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው ስላቸው፣ ቃሉ በእነርሱም ቅዳሴ ውስጥ በዚያው በግሪክኛው እንዳለ ነገሩኝ። ለስምንት ዓመታት የናፈቅኩት ማዕበል በአንድ የስኮትላንድ ኮረብታ ላይ ተነሣ።

የምናድረው በየመንደሩ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወለል ላይ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ምግብ ሠርተው ይጠብቁናል፤ የማያውቁት ሰው ከመንገድ ሲመጣ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ የሚቀበል ሕዝብ እኛ ብቻ እንዳልሆንን እዚያ አየሁ። ስለ ጾሜ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም። ከርክ የቶም በምትባለው መንደር አንዲት ባልቴት የምስር ሾርባ ሠርታልኝ ነበር። ሳህኑን ከሰጠችኝ በኋላ ድንገት ፊቷ ተለዋወጠና መልሳ ወሰደችው፤ ሽንኩርቱን በቅቤ እንዳቁላላችው ትዝ ብሏት ነው። ደክሟት ሳለ ሌላ ድስት ጥዳ፣ በዘይት አቁላልታ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አዲስ ሾርባ አቀረበችልኝ። እኔም ከእናቴ የተላከልኝን በሶ በጥብጬ አቀመስኳት፤ ገብስ መሆኑን በመጀመሪያው ጉንጭ ለየችው። በአገሯ ከገብስ ቂጣ እንደሚጋገርም ነገረችኝ።

የእግሬ ነገር አስቸግሮኝ ነበር። አዲስ ጫማ ገዝቼ ሳላለምደው ስለወጣሁ በሁለተኛው ቀን ተረከዜ ውኃ ቋጠረ፤ በአራተኛው ቀን ፈረጠ። ረቡዕ ወደ ዉለር ስንወርድ መስቀሉን ለመሸከም ተራዬ ሲደርስ አልችልም አልኩ። ማንም ምክንያት አልጠየቀኝም፤ ሌላ ሰው ገባ። ያን ቀን ከኋላ ሆኜ መስቀሉ በሌሎች ትከሻ ላይ ሲሄድ እያየሁ ነበር የተከተልኩት። ከሩቅ ሲታይ ሰዎቹ አይታዩም፤ መስቀሉ በቁጥቋጦው ላይ ራሱን ችሎ የሚሄድ ይመስላል።

ጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ከባሕሩ በፊት ባለው በመጨረሻው ማረፊያችን በፌንዊክ መንደር፣ የእግር ማጠብ ሥርዓት አደረጉ። በእኛ ካህናቱ የምእመናንን እግር አጥበው በወይራና በወይን ቅጠል ያብሳሉ፤ በዚያ ሳህንና ፎጣ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በቀኙ ያለውን ሰው እግር እንዲያጥብ ተደረገ። የእኔን እግር ያጠቡልኝ እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው አላጠፍ ብሏቸው ወንበር ተደግፈው ወረዱ። ካልሲዬ ከቁስሌ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ለብ ባለው ውኃ እስኪላቀቅ ድረስ እግሬን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። በእኛ አገር ታላቅ የታናሽን እግር ሲያጥብ ማየት ያሳፍራል፤ ተው ልላቸው ብዬ ጴጥሮስን አሰብኩና ዝም አልኩ። በላሊበላ የአገሩ ሰዎች ለገና የሚመጡትን ተሳላሚዎች እግር እንደሚያጥቡ ነገርኳቸው፤ «እንግዲያው መንገደኛ ማለት በየትም አንድ ነው» አሉኝ። እናቴ ጉልባን እንደቀቀለች በስልክ ነግራኝ ነበርና እኔም ስንዴና ባቄላ ገዝቼ በአዳራሹ ማድቤት ቀቅዬ አካፈልኳቸው።

ወደ ደሴቲቱ ስለሚያገባው መንገድ ትንሽ ልዘርዝር፤ ከጉዞው ሁሉ ያስደነቀኝ እርሱ ነውና። ሊንዲስፋርን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ደሴት ትሆናለች፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከየብስ ጋር ትገናኛለች። ባሕሩ ሲሞላ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ሲሸሽ አሸዋና ጭቃ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተ የመኪና መንገድ አለ። የጥንቱ የተሳላሚዎች መንገድ ግን ከእርሱ ራቅ ብሎ በአሸዋው መካከል ያልፋል፤ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ መንገዱን የሚያሳዩት በተርታ የተተከሉ ረጃጅም እንጨቶች ናቸው። ውኃ የቀደመው ሰው የሚወጣባቸው በእንጨት እግር ላይ የቆሙ ማማዎችም አሉ። ሰዓቱን ያላወቀ ሰው በዚህ መንገድ አይገባም።

ሰዓቱን የምትወስነው ጨረቃ ናት። ይህን ሲነግሩን የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የማውጫው ስሌት፣ መምህር የነበሩት አጎቴ ትዝ አሉኝ። በ2017 ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ብለን ስንተው ወንበሩ 11 ይሆናል። ከዚያ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ እንደ ሁልጊዜው 30 ናቸው። መጥቅዑ መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመርበት 33፣ ከእርሱ 30 ሲነሣ መባጃ ሐመሩ 3 ሆነና የነነዌ ጾም የካቲት 3፣ ከእርሷ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ወጣ። በልጅነቴ ይህንን ቁጥር በቃሌ ስደግመው ለምን «ባሕር» እንደተባለ አልጠይቅም ነበር። አሁን በባሕር ዳር ቆሜ አንዱ ጨረቃ ፋሲካንም ውኃውንም ሲያዝ አየሁ። በዓሉ የጨረቃን ሙላት ተከትሎ ስለሚውል፣ በዚያ ጠረፍ በእነርሱ የስቅለት ዓርብ ውኃው የሚሸሸው ሁልጊዜ ከጠዋት እስከ ቀትር ማለፊያ ባለው ጊዜ ነው። ሌሊት ላይ ቢሆን ኖሮ ማን መስቀል ተሸክሞ ይሻገር ነበር? ጨረቃዋ የሞላችው በሆሳዕና ዕለት ነበር፤ ለዓርብ መንገዳችን የተከፈተው ቀትር ላይ ነው።

ልክ በ6 ሰዓት ወደ አሸዋው ገባን። ጫማችንን አወለቅን። ለእኔ ይህ ልማድ ነው፤ ወደ ቤተ መቅደስ በጫማ አይገባም። ለእነርሱ ግን በዓመት አንድ ቀን ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ቅዝቃዜው አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ጨው የነካው ቁስሌ ተቃጠለ። ማንም አይናገርም ነበር። ከሌላ አቅጣጫ የመጡ ሰዎች መስቀላቸውን ይዘው ከሩቅ ይታያሉ። በመካከለኛው መንገድ ላይ መሪው ወደ እኔ ዞሮ በዐይኑ ጠየቀኝ፤ ራሴን ነቅንቄ ከሥሩ ገባሁ። ያን ቀን ከፊት ሆኜ የተሸከምኩት ከሩብ ሰዓት በላይ ነው፤ ሊለውጡኝ ሲመጡ አልለቀቅኩም። የንስሐ አባቴ «መሳለም ሌላ ነው፤ መሸከም ሌላ ነው» ያሉት በዚያ ገባኝ። የሚሳለም ሰው መስቀሉን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ግንባሩንና ከንፈሩን አስነክቶ በረከት ይቀበላል። የሚሸከም ሰው አያየውም፤ ከጀርባው ነው። ክብደቱን ብቻ ያውቃል። በሕማማት ሳምንት የሚገባን ይኸው ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ፦ ገና ያላየነውን ተሸክሞ ማየት ወደምንችልበት ቀን መሄድ።

9 ሰዓት ሳይሆን ደረስን። በደሴቲቱ ላይ ያለችው የደብር ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን በቅድስት ማርያም ስም የተሠራች ናት። በውስጧ ስድስት መነኮሳት የከትበርትን የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ሲሄዱ የሚያሳይ ከእንጨት የተጠረበ ትልቅ ቅርጽ አለ። የቫይኪንግ ወራሪዎች በ793 ገዳሙን ከዘረፉት በኋላ ሰላም አልተገኘምና መነኮሳቱ በ875 ዐፅሙን ይዘው ወጥተው ለብዙ ዓመታት በየአገሩ ተሸክመውት ዞረዋል። ከእነርሱ ጎን ቆሜ የስቅለትን ስግደት እስከ ማታ ሰገድኩ። እኒያ ሽማግሌ መቁጠሪያ ይሆነኛል ብለው ከባሕር ዳር 41 ጠጠሮች ለቅመው በኪሳቸው ይዘውልኝ መጥተው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ፍለጋ ወጣሁ። ቄጤማ አላገኘሁም፤ በባሕሩ አሸዋ ላይ የሚበቅል ረጅም ሣር ነበረና እርሱን ነጭቼ በራሴ ላይ አሰርኩ። «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያልኩ ስመለስ ባልደረባዬ አየችኝና ለእርሷም እንዳስርላት ጠየቀችኝ። ማታ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በራሱ ላይ ሣር አስሮ ነበር።

በደሴቲቱ ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን በአገር ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሌሎቹ ተኝተው ሳለ በአዳራሹ ደጃፍ ተቀምጬ ስልኩን በጆሮዬ ላይ አድርጌ ቅዳሴው ሲያበቃ ሰማሁ። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብዬ ለብቻዬ ጮክ ብዬ መለስኩ። ከበስተኋላዬ በሩ ተከፈተ፤ ድምፄ ቀስቅሷቸው አራት አምስት ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ወጡ። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ትኩስ ወተት ይዛ ነበር።

ሲነጋ መስቀሉን በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ላይ አቁመው በቢጫ አበባና በለምለም ቅጠል ሸፈኑት። ሰው ሁሉ በዙሪያው ዘመረ። ሁሉም ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ቀረብኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ከጀርባዬ የነበረውን እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየሁት። አግድሙ እንጨት ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት በስተቀኝ፣ አበባው ባልሸፈነው በኩል፣ ብዙ ዓመት ብዙ ትከሻ ያረፈበት ስፍራ ልዝቦ ያብረቀርቅ ነበር። ያንን ስፍራ ተሳለምኩ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። እንኳን አደረሰሽ ካለችኝ በኋላ እግሬን አልጠየቀችኝም፣ መንገዱንም አልጠየቀችኝም። «ተሳለምሽ ወይ?» አለችኝ።

«ተሳለምኩ፣ እማዬ» አልኳት።